«ዋስትና»፣ «መድን» እና «የጥገና ውል»
በቤት ውስጥ ስለሚደርስ የውሃ ጉዳት የሚነሡ ሦስት ስያሜዎች

የሙያ ቃላት ጥናት ብዙ ጊዜ የሚያተኵረው በሳይንስና በቴክኒክ መስክ ላይ ነው። ሆኖም የተሳሳተ አቻ ቃል ጉዳት ፈጥኖ የሚታየው ሰው ፈርሞ በሚገባበት ውል ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ እንዲህ ያለ አንድ ጉዳይ እንመረምራለን፤ ይኸውም በአሜሪካ «ሆም ዋራንቲ» እና «ሆምኦነርስ ኢንሹራንስ» ተብለው የሚታወቁት ሁለት ውሎች በአማርኛ በምን ስም ሊጠሩ ይገባል የሚለው ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ፣ እንዲሁም በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ቤት ገዝተው የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ስላሉ፣ ጥያቄው ለተርጓሚዎች የወረቀት ላይ ክርክር ብቻ አይደለም። ሁለቱም ውሎች «የቤት ዋስትና» ተብለው ሊተረጐሙ ይችላሉ። ለሁለቱም አንድ ስም የሰጠ ተርጓሚ ግን አንባቢውን ያልገዛውን ጥበቃ እንደ ገዛ አድርጎ ያሳምነዋል። ስሕተቱ የሚታወቀውም ቧንቧ በፈነዳ ዕለት ነው።

፩. የነገሩ ጠባይ

ስም ከመስጠት በፊት ነገሩን መለየት ይገባል። «ሆምኦነርስ ኢንሹራንስ» የቤቱ ባለቤት በየጊዜው ዐረቦን እየከፈለ፣ በውሉ የታወቀ አደጋ ሲደርስ ካሳ የሚያገኝበት ውል ነው። በአሜሪካ በሰፊው የሚሠራበት «ኤች ኦ 3» የተባለው የውል ቅጽ የውሃን ጉዳት የሚመለከተው በአንድ ዐቢይ መለኪያ ነው፤ ውሃው ከቧንቧ፣ ከማሞቂያ ወይም ከቤት መገልገያ መሣሪያ የወጣው በድንገትና ሳይታሰብ መሆን አለበት። እንዲህ ከሆነ መድን ሰጪው የተበላሸውን ወለል፣ ግድግዳና የቤት ዕቃ ይክሳል። የተበላሸው ቧንቧ ጋ ለመድረስ ግድግዳ ማፍረስ ቢያስፈልግ፣ የማፍረሱንና መልሶ የመሥራቱን ወጪ ይሸፍናል። ውሃው የወጣበትን ቧንቧ ወይም መሣሪያ ግን አይክስም። በእርጅና የመጣ ብልሽት፣ ለሳምንታትና ለወራት ሲሰርግ የቆየ ውሃ፣ ከውጭ የመጣ ጎርፍም ከውሉ ውጭ ናቸው። ከፍሳሽ መስመር ወደ ቤት ተመልሶ የሚገባ ውሃም ተጨማሪ ክፍያ ተከፍሎበት በተለየ አባሪ ካልተካተተ በቀር አይሸፈንም።

«ሆም ዋራንቲ» የተባለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት የሚጸናና የሚታደስ የአገልግሎት ውል ነው። በውሉ የተዘረዘረ መስመር ወይም መሣሪያ በተለመደ አገልግሎት አልቆ ሥራ ሲያቆም፣ ኩባንያው ባለሙያ ልኮ ያስጠግናል፤ መጠገን የማይቻል ከሆነም በውሉ በተወሰነው የገንዘብ ጣሪያ ውስጥ ይተካል። የቤቱ ባለቤት ከዓመታዊው ዋጋ በተጨማሪ ባለሙያ በጠራ ቁጥር የተወሰነ ክፍያ ይከፍላል። ውሃው በወለሉና በግድግዳው ላይ ያደረሰው ጉዳት ግን እንደ ልማዱ ከውሉ ውጭ ነው።

በአጭሩ ሲነገር፣ መድን ውሃው ያበላሸውን ይክሳል፤ የአገልግሎቱ ውል ውሃውን ያፈሰሰውን ይጠግናል። ልዩነቱን በአራት ሁኔታዎች ማሳየት ይቻላል።

ሀ) ያረጀ ቦይለር በአንድ ሌሊት ፈንድቶ ምድር ቤቱን ውሃ ሞላው እንበል። ቦይለሩን የመተካት ጉዳይ የአገልግሎቱ ውል ነው፤ የወለሉና የምንጣፉ ጉዳይ የመድኑ ነው። ሁለቱም ውሎች ያሉት ሰው ወደ ሁለቱም ማመልከት ይኖርበታል።

ለ) በወጥ ቤት ገንዳ ሥር ያለ ቧንቧ ለወራት ሲያንጠባጥብ ቆይቶ እንጨቱ በሰበሰ። የአገልግሎቱ ውል ቧንቧውን ሊያስጠግን ይችላል፤ የበሰበሰውን እንጨት ግን ከሁለቱ አንዱም ላይቀበል ይችላል።

ሐ) ወንዝ ሞልቶ ቤቱን አጥለቀለቀው። ለዚህ ሁለቱም አያገለግሉም። በአሜሪካ የጎርፍ መድን እ.ኤ.አ. በ1968 በወጣ ሕግ የተቋቋመ የተለየ የፌዴራል መርሐ ግብር አለው። በዚህ መርሐ ግብር ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ቤት የሚከፈለው ካሳ ለሕንፃው እስከ 250,000 ዶላር፣ ለውስጥ ዕቃው እስከ 100,000 ዶላር ነው፤ ውሉም አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ላይ የሚውለው ከተገዛ ከ30 ቀን በኋላ ነው። ደመና አይቶ መድን መግባት እንደማይጠቅም ከዚህ ይታያል።

መ) አዲስ የተሠራ ቤት ቧንቧው በአሠራር ጕድለት ተበላሸ። እዚህ ላይ ሦስተኛ ነገር ይመጣል፤ ሠሪው ለገዢው የሰጠው ማረጋገጫ ነው። ይህም በእንግሊዝኛ «ዋራንቲ» ይባላል።

፪. የእንግሊዝኛው ስያሜ አሳሳችነት

የችግሩ አንድ ምንጭ አማርኛ አይደለም። «ዋራንቲ» እና «ጋራንቲ» የሚሉት ቃላት ከአንድ ጥንታዊ የጀርመናውያን ቋንቋዎች ሥር ተነሥተው፣ በሁለት የፈረንሳይኛ ዘዬዎች በኩል ወደ እንግሊዝኛ የገቡ ወንድማማች ቃላት ናቸው። በጥብቅ የሕግ አነጋገር «ዋራንቲ» ሻጭ ወይም ሠሪ ስለ ሸጠው ዕቃ የሚሰጠው ቃል ነው፤ ከሽያጩ ጋር አብሮ ይመጣል፤ የተለየ ዋጋ አይጠየቅበትም። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የአሜሪካ የዋራንቲ ሕግ፣ «ማግኑሰን ሞስ» በመባል የሚታወቀው፣ በሸማቾች ዕቃ ረገድ «ዋራንቲ»ን ከ«የአገልግሎት ውል» ለይቶ ያስቀምጣል። በዚህ መለኪያ ሲታይ፣ በየዓመቱ በዋጋ የሚገዛው «ሆም ዋራንቲ» ከስሙ በቀር ዋራንቲ አይደለም። የካሊፎርኒያ የኢንሹራንስ ሕግም ይህንኑ ነገር «የቤት ጥበቃ ውል» በሚል ስም ይጠራዋል። እንግዲህ ተርጓሚው የንግዱን ስም ቃል በቃል ቢከተል የሚተረጕመው ነገሩን ሳይሆን የነገሩን ማስታወቂያ ይሆናል።

፫. የአማርኛው ቃላት

«ዋስ» ከግዕዙ «ዋሕስ» ጋር አንድ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1920 ጀምሮ እንደሚደነግገው፣ ዋስ የሚባለው ባለዕዳው ግዴታውን ሳይፈጽም ቢቀር በርሱ ፈንታ ለመፈጸም ለባለገንዘቡ ቃል የሚገባ ሰው ነው። ስለዚህ በዋስትና ውስጥ ሦስት ወገኖች አሉ፤ ባለገንዘብ፣ ባለዕዳና ዋስ። በሕዝቡም አነጋገር «ዋስ መጥራት» ሲባል በሁለት ሰዎች መካከል ሦስተኛ ሰው ማቆም ማለት ነው። «ሆም ዋራንቲ» ግን ሦስተኛ ወገን የለውም፤ ኩባንያው ራሱ ባለግዴታ ነው እንጂ ስለ ሌላ የቆመ አይደለም።

ከዚህም በላይ «ዋስትና» ዛሬ ሸክሙ በዝቶበታል። ተከሳሽ በዋስትና ይፈታል፤ ጡረተኛ ማኅበራዊ ዋስትና ይኖረዋል፤ ገበሬ የምግብ ዋስትና ያስፈልገዋል፤ የተሸጠ ዕቃ የአንድ ዓመት ዋስትና አለው ይባላል። በነዚህ ሁሉ ውስጥ ቃሉ የሚያስተላልፈው የጋራ ስሜት «አትሥጋ» የሚል ነው። ብዙ የተለያየ ነገር በጥቅሉ እንዲታቀፍበት ያስቻለው ይኸው ስሜት ሲሆን፣ ለተወሰነ ውል ስም እንዳይሆን የሚከለክለውም ይኸው ነው።

«መድን» በበኩሉ ከ«ድኅነ» ጋር የተዛመደ ነው፤ በቀደመው አነጋገርም ለ«ዋስ» የቀረበ ትርጉም ነበረው። በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ሲቋቋም ግን ቃሉ ለ«ኢንሹራንስ» የተለየ መጠሪያ ሆኖ ጸና፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የመድን ሥራ አዋጅም አጽንቶታል። በጤናው ዘርፍ «መድህን» ተብሎ መጻፉ የአጻጻፍ ልዩነት እንጂ የትርጉም ልዩነት አይደለም። ከርሱ ጋር «መድን ሰጪ»፣ «መድን ገቢ»፣ «ዐረቦን» እና «ካሳ» አብረው ስለ ተለመዱ፣ መስኩ የራሱ የቃላት ቤተሰብ አለው። በንግግር «ኢንሹራንስ» ቢያይልም፣ ሁለቱ ቃላት አንድን ነገር ስለሚጠሩ አንባቢን አያሳስቱም።

፬. ስለ ውሃ የሚነገሩ ግሦች

ከስሞቹ ይልቅ ተርጓሚን የሚፈትኑት ግሦቹ ናቸው። አማርኛ ውሃ ከመያዣው የሚወጣበትን ሁኔታ በጥንቃቄ ይለያል። ቧንቧ ይፈነዳል፤ ጣሪያ ያፈሳል፤ ቧንቧ ያንጠባጥባል፤ ግድግዳ ያዣል፤ ውሃ ወደ ወለል ይሰርጋል፤ ገንዳ ሞልቶ ይፈሳል። «ፈነዳ» ድንገተኛነትን በውስጡ ይዟል። «ያንጠባጥባል»፣ «ያዣል» እና «ይሰርጋል» ግን የቆየና የሚደጋገም ነገርን ያመለክታሉ። አንድ አመልካች «ቧንቧው ሲያፈስ ነበር» ቢል፣ ለአንድ ሰዓት ይሁን ለአንድ ዓመት ከግሡ አይታወቅም። ተርጓሚው በራሱ ግምት የቆየ ፍሳሽ አድርጎ ቢያቀርበው፣ አመልካቹ ራሱ ጉዳቱን ከመድኑ ውጭ እንዳወጣው ይቈጠርበታል። በዚህ ጊዜ የተርጓሚው ግዴታ መገመት ሳይሆን «ከመቼ ጀምሮ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

የባሰው «ጎርፍ» ነው። ቧንቧ ፈንድቶ ቤቱ በውሃ ሲሞላ «ቤቱ ጎርፍ ሆነ» ማለት በአማርኛ የታወቀ ማጋነን ነው። በፌዴራሉ የጎርፍ መድን ግን ጎርፍ የሚባለው ደረቅ የነበረ መሬት በውሃ ሲጥለቀለቅ ሲሆን፣ ውሃው ቢያንስ ሁለት ኤከር መሬት ወይም ሁለት ይዞታዎችን መሸፈን አለበት። በማጋነን የተነገረውን «ጎርፍ» እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ ማዛወር፣ የሚካስ ጉዳትን በማይካስ ስም ማስመዝገብ ነው። የኋላ ኋላ በምርመራ ሊስተካከል ቢችልም፣ ማመልከቻው የተጀመረው በተሳሳተ ስም ይሆናል።

፭. የቀረቡ ስያሜዎች

ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች የሚከተሉትን ስያሜዎች እናቀርባለን።

«ሆምኦነርስ ኢንሹራንስ»፦ የቤት ባለቤት መድን።

«ሆም ዋራንቲ»፦ የቤት መሣሪያዎች የጥገና ውል። «ውል» የሚለው ቃል መቅረት የለበትም፤ ነገሩ ካሳ ሳይሆን አገልግሎት መሆኑን «ጥገና» ያስረዳል።

የቤት ሠሪ ወይም ሻጭ የሚሰጠው ዋራንቲ፦ የሠሪ ማረጋገጫ። በገበያ የተለመደውን «ዋስትና» ከዚህ ቦታ ማስለቀቅ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ «የሠሪ ዋስትና» ቢባልም አንቃወምም። ማን እንደ ሰጠው እስከ ተጠቀሰ ድረስ አያሳስትም።

የጎርፍ ኢንሹራንስ፦ የጎርፍ መድን፤ ምን ጊዜም ከቤት ባለቤት መድን ተለይቶ ይጻፍ።

«ዲዳክቲብል»፦ የመድን ገቢው ቀዳሚ ድርሻ። «ተቀናሽ» የሚለውን ያልመረጥንበት ምክንያት አንባቢ «ቅናሽ» ከሚለው ጋር አዛምዶ የተደረገለት አስተያየት እንዳይመስለው ነው፤ ነገሩ ባለቤቱ ከኪሱ የሚችለው ገንዘብ ነውና።

በአገልግሎቱ ውል ባለሙያ ሲጠራ የሚከፈለው፦ የጥሪ ክፍያ። ይህን ከቀዳሚው ድርሻ ጋር ማደባለቅ አይገባም፤ አንዱ ከካሳ የሚጐድል፣ ሌላው ለጉብኝት የሚከፈል ነው።

«ድንገተኛና ያልታሰበ»፦ ሁለቱም ቃላት አብረው ይጻፉ፤ ውሉ ሁለቱንም ጠይቋልና አንዱን ትቶ ማሳጠር አይፈቀድም።

«የአገልግሎት እርጅና»፦ ዕቃ በተለመደ አገልግሎት ብዛት ሲያልቅ። መድኑ የሚያቆመውና የጥገናው ውል የሚጀምረው በዚህ ቃል ላይ ስለሆነ፣ በሁለቱም ውሎች ትርጉም ውስጥ አንድ ዓይነት ሆኖ ሊጻፍ ይገባል።

ስያሜዎቹ የመጨረሻ ናቸው አንልም። በተለይ «የጥገና ውል» የሚለው፣ ውሉ መሣሪያውን በአዲስ መተካትንም ስለሚጨምር ጠባብ ነው የሚል ትችት ሊነሣበት ይችላል። ይሁን እንጂ የጠበበ ስም ያለው ሰው ከጠበቀው በላይ ቢያገኝ አይጐዳም፤ የሰፋ ስም አምኖ የተቀመጠ ግን የበሰበሰ ወለል ይዞ ይቀራል። በሥራ ላይ ያሉ ተርጓሚዎች የሚያውቋቸውን ሌሎች አጠራሮች፣ በተለይም ስለ ውሃ የሚነገሩትን ግሦች በየአካባቢው አነጋገር ሰብስበው ቢያቀርቡልን፣ ዝርዝሩን ለማስፋት ይረዳናል።