ቀጠሮ የማይቀበል አበባ

ሰው በዚህ ዓለም ላይ ብዙውን ነገር በትእዛዝ ያገኛል። ገንዘብ ያለው በአውሮፕላን ይሳፈራል፤ ሥልጣን ያለው መንገድ ያስለቅቃል፤ ወዳጅ ያለውም የተዘጋ በር ያስከፍታል። ነገር ግን ለገንዘብም፥ ለሥልጣንም፥ ለወዳጅም የማይታዘዝ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ጊዜው ሳይደርስ የማይፈነዳ አበባ ነው። መስከረም ሳይጠባ አደይ አበባን ፈልጎ ያገኘ ሰው እንደሌለ እኛ እናውቃለን። ጃፓኖችም ይህንኑ ትምህርት ሳኩራ ብለው ከሚጠሩት ከቼሪ አበባ ተምረውታል፤ ተምረውም ዝም አላሉም፤ ከአንድ ሺህ ሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆየ የአገር ልማድ አድርገውታል።

የጃፓን ስም ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ በ1931 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዘመኑም ወሩም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) ወደዚያ አገር በመልእክት ሄደው፥ ያዩትንና የሰሙትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው ለወገኖቻቸው አካፍለዋል። የእርሳቸው ጉዞ በመጸው ወራት ስለ ነበረ ከሳኩራው ጋራ አልተገናኘም። የዛሬው ጽሑፋችን እንግዲህ እርሳቸው ስላልደረሱበት ስለ ጸደዩ ወራት፥ በዚያም ወራት ሰዎች ጓድ ጓድ ሆነው አበባውንና ቤተ መቅደሶቹን ለማየት ስለሚያደርጉት ጉዞ ነው።

አበባ ማየት ማለት ምን ማለት ነው?

በጃፓንኛ ሃና አበባ ማለት ነው፤ ሚ ማለትም ማየት ነው። ሃናሚ ሲሉ እንግዲህ አበባ ማየት ማለታቸው ነው። ነገሩ በስም ሲሰማ አንድ ሰው ብቻውን ከዛፍ ሥር ቆሞ የሚተክዝበት ይመስላል። ሃናሚ ግን የብቻ ሥራ አይደለም። ቤተ ሰብ ከልጆቹ፥ ተማሪ ከጓደኞቹ፥ ሠራተኛም ከአለቆቹ ጋራ ሆኖ ይወጣል፤ ምንጣፍ አንጥፎ፥ ምሳውን ቋጥሮ፥ ሳኬ የሚባለውን የሩዝ መጠጥ ይዞ ከዛፉ ሥር ይውላል። ደኅና ቦታ ለመያዝ ማልዶ መድረስ ግድ ስለሆነ፥ በብዙ መሥሪያ ቤት ምንጣፉን ተሸክሞ በማለዳ የሚላከው በዚያ ዓመት የተቀጠረው ወጣት ነው። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ብዙ ጊዜ ያልሆነው የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ፥ የአዲስ ሠራተኛ ዕድል በየአገሩ አንድ መሆኑን በዚህ ተረድቶ ጥቂት ተጽናንቷል። ከአበባው ይልቅ ምግቡን ለሚወድ ሰውም ጃፓኖች «ከአበባ ይልቅ የሩዝ ሙልሙል» የሚል ተረት አላቸው።

ልማዱ የጀመረው ከቤተ መንግሥት ነው። ቀድሞ በመኳንንቱ ዘንድ ይከበር የነበረው ከቻይና የመጣው የፕለም አበባ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ሳጋ በ812 በኪዮቶ ከተማ የቼሪ አበባ የሚታይበት ግብዣ ማድረጋቸው ግን በዜና መዋዕል ተጽፎ ይገኛል። ከዚያም ዘጠኝ መቶ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፥ በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፥ ቶኩጋዋ ዮሺሙኔ የተባለው ሾጉን (የጦር አበጋዝ ሆኖ አገሩን የሚገዛ ሹም ማለት ነው) ያን ጊዜ ኤዶ ትባል በነበረችው በዛሬዪቱ ቶክዮ፥ በአሱካያማ ኮረብታና በሱሚዳ ወንዝ ዳር የቼሪ ዛፍ አስተክሎ ተራው ሕዝብ እንዲደሰትበት ፈቀደ። የመኳንንት የነበረው ደስታ የአናጢውና የነጋዴውም ሆነ።

የሂዴዮሺ ሁለት ጉዞዎች

ለአበባ ከተደረጉት የጓድ ጉዞዎች ሁሉ በጃፓን ታሪክ ስማቸው የገነነው ሁለቱ የአንድ ሰው ናቸው። ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ከዝቅተኛ ቤት ተወልዶ፥ በጦርና በብልኀት ከፍ ከፍ ብሎ፥ በመሳፍንት ተከፋፍላ ትዋጋ የነበረችውን ጃፓንን አንድ ያደረገ ሰው ነው። በ1594 አምስት ሺህ ያህል ሰው አስከትሎ ወደ ዮሺኖ ተራራ ወጣ። ዝናቡ ግን ሦስት ቀን ሙሉ አላባራ አለ። ሂዴዮሺም ተቈጥቶ፥ ዝናቡ ካልቆመ ተራራውን አቃጥሎ እንደሚወርድ ለመነኮሳቱ አስታወቃቸው፤ መነኮሳቱም ደንግጠው በጸሎት ተጉ፤ በማግሥቱም ሰማዩ ጠራ ተብሎ ይተረካል። ነገሩ እውነት ቢሆንም ባይሆንም፥ አገር የሚያዝዝ ሰው ደመናን ማዘዝ ሲያቅተው ምን እንደሚመስል በደንብ ያሳያል።

ከአራት ዓመት በኋላ በ1598 ሂዴዮሺ ሌላ ድግስ አሰበ። በኪዮቶ ደቡብ ምሥራቅ፥ በ874 በተመሠረተው በዳይጎ ገዳም፥ ከአካባቢው አውራጃዎች ሁሉ 700 የቼሪ ዛፎች እያስነቀለ አስመጥቶ በመንገዱ ግራና ቀኝ አስተከለ። በኤፕሪል 20 ቀንም 1300 ያህል ሰው ይዞ ወጣ፤ አብዛኞቹ የቤተ መንግሥቱና የመኳንንቱ ወይዛዝርት ሲሆኑ፥ በዚያ ቀን ልብሳቸውን እየለዋወጡ እንዲታዩ ተደርጎ ነበር። ትንሹ ልጁ ሂዴዮሪም አብሮ ነበር። ያ ድግስ ለሂዴዮሺ የመጨረሻው ሆነ፤ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ሞተ። ሰባት መቶ ዛፍ ከቦታው ማዛወር የቻለው ሰው ለራሱ አንድ ጸደይ ማስጨመር አልቻለም።

ዛሬ ወደ ዳይጎ የሚሄድ ጓድ በ951 ተሠርቶ ያለቀውን ባለ አምስት ደርብ የእንጨት ግንብ ቆሞ ያገኘዋል። ኪዮቶን ያወደመው ከ1467 እስከ 1477 የተደረገው ጦርነት ከገዳሙ ብዙውን ክፍል ሲያቃጥል ይህ ግንብ ተርፎአል፤ በከተማይቱም ካሉት ሕንጻዎች ሁሉ ጥንታዊው እርሱ ነው። ከሺህ ዓመት በላይ የቆመው እንጨትና በሳምንት የሚረግፈው አበባ ጎን ለጎን ይታያሉ። ጃፓኖች አበባውን ከቤተ መቅደሱ ጋራ ማየት የሚወዱበት ምክንያት ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፤ አንዱ የሌላውን ዕድሜ ያስታውሳል።

የዛሬው ጓድ እንዴት ይጓዛል?

ከሂዴዮሺ ጓድ ይልቅ የዛሬው ጓድ ብዙ ነው። ባንዲራ የያዘ መሪ ከፊት ይቀድማል፤ ሠላሳ ወይም አርባ ሰው ከኋላው ይከተላል፤ አውቶቡሱም በሰዓቱ ይነሣል። ኪዮቶ ከ794 እስከ 1868 ድረስ የንጉሠ ነገሥቱ መቀመጫ ስለ ነበረች፥ በውስጧ 1600 የሚሆኑ የቡድሃ ቤተ መቅደሶች ይገኛሉ። ጓዱ ብዙ ጊዜ ጧት ወደ ኪዮሚዙ ይወጣል፤ በ1633 እንደገና የተሠራው የዚህ ቤተ መቅደስ ሰገነት ካለ ምስማር በተጋጠሙ ምሰሶዎች ላይ ቆሞ 13 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ከእርሱም ላይ ሆኖ ወደ ታች የሚመለከት ሰው ሸለቆውን በአበባ ተሸፍኖ ያየዋል። ከዚያም «የፈላስፋው መንገድ» ወደሚባለው፥ ኒሺዳ ኪታሮ የተባለው ፈላስፋ እያሰበ ይመላለስበት ወደ ነበረው የቦይ ዳር መንገድ ይወስዱታል።

ነገር ግን የጉዞው ጭንቅ ሁሉ ያለው በቀኑ ላይ ነው። የአገሩ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት በየከተማው ለምልክት የሚጠብቀው የቼሪ ዛፍ አለው። በዚያ ዛፍ ላይ አምስት ወይም ስድስት አበባ ሲፈነዳ ሳኩራው ተከፈተ ተብሎ ለሕዝብ ይነገራል፤ ከመቶ ሰማንያው እጅ ሲፈነዳም ሙሉ ሆነ ይባላል። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ አንድ ሳምንት ያህል ነው፤ ሙሉ ከሆነ በኋላ ደግሞ ነፋስና ዝናብ ከመጣበት በጥቂት ቀን ውስጥ ይረግፋል። በየከተማው የሚበዛው ሶሜይ ዮሺኖ የተባለው ዓይነት ከዘር አይበቅልም፤ ከአንድ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተቈረጠ በሌላ ግንድ ላይ እየተቀጠለ የተባዛ ስለሆነ ሁሉም እንደ አንድ ዛፍ ነው። ስለዚህ በአንድ አካባቢ ያለው በአንድነት ይፈነዳል፤ በአንድነትም ይረግፋል። ከስድስት ወር በፊት ገንዘቡን ከፍሎ ቀኑን የቈረጠ መንገደኛ እንግዲህ ዕጣ እንደሚጥል ሰው ነው።

ብልህ አስጐብኚ ይህን ስለሚያውቅ ጉዞውን በአንድ ስፍራ ላይ ብቻ አያቆመውም። በዚያው በኪዮቶ፥ በ888 በተመሠረተው በኒናጂ ገዳም ያሉት ቁመታቸው ያጠረ ቼሪዎች ከሌሎቹ ዘግይተው ይፈነዳሉ። የዮሺኖ ተራራም አለ። በዚህ ተራራ ላይ ሠላሳ ሺህ ያህል የዱር ቼሪ ይገኛል፤ ዛፎቹም ለጌጥ የተተከሉ አይደሉም። ኤን ኖ ግዮጃ የተባለው ባሕታዊ በ7ኛው መቶ ዓመት የዛኦን ምስል ከቼሪ እንጨት ቀረጸ ተብሎ ስለሚታመን፥ ምእመናን ለስለት የሚያቀርቡት የቼሪ ችግኝ ሆነ። ከትውልድ ወደ ትውልድ የተሰጠው ስለት ተራራውን አለበሰው። አበባውም ከተራራው ግርጌ ጀምሮ ወደ ላይ ደረጃ በደረጃ ስለሚፈነዳ፥ ታችኛው ሲረግፍ ላይኛው ገና ይከፈታል። ከታች ያመለጠው ሰው እግሩ ካልሰነፈ ከላይ ይደርስበታል።

የቀን ማስታወሻዎቹ የሚናገሩት

እስካሁን ያልነው ሁሉ አበባው ቀጠሮ አይቀበልም የሚል ነው። አሁን ግን ቀኑን ሰው ሳያስበው እየገፋበት መሆኑ ታውቋል። ያሱዩኪ አኦኖ የተባሉት የኦሳካ የዩኒቨርሲቲ ሊቅ፥ የጥንት መኳንንትና መነኮሳት በየቀን ማስታወሻቸው ላይ የጻፉትን እየፈለጉ፥ በኪዮቶ የዱር ቼሪ በየዓመቱ ሙሉ የሆነበትን ቀን ከ812 ጀምሮ አጠናቅረዋል። በመካከሉ የጎደሉ ዓመታት ቢኖሩም፥ የአንድን ተክል ወራት ይህን ያህል ዘመን የሚከተል ጽሑፍ በዓለም ላይ ብዙ አይገኝም። በዚህ መዝገብ እንደሚታየው አበባው ለብዙ መቶ ዓመታት ሙሉ ይሆን የነበረው በአብዛኛው በኤፕሪል አጋማሽ ገደማ ነበር። በ2021 ግን በማርች 26 ቀን ሙሉ ሆነ፤ ይህም በ1409 ከተመዘገበው ከማርች 27 ቀን ቀድሞ፥ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ከታወቁት ሁሉ የፈጠነው ነበር። የሂዴዮሺ ድግስ በኤፕሪል 20 ቀን እንደ ነበረ አንባቢ ያስታውስ።

ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። የቼሪ እንቡጥ በበጋው ማለቂያ ተፀንሶ ይተኛል፤ የክረምቱ ብርድ እንቅልፉን ይፈታለታል፤ የፌብሩዋሪና የማርች ሙቀት ደግሞ ያሳድገዋል። የምድር አየር በሰው ሥራ እየሞቀ ሲሄድ፥ ከተማውም በአስፋልትና በሕንጻ ብዛት ሙቀትን ሲይዝ፥ እንቡጡ ቀድሞ ይነቃል። ክረምቱ ከልክ በላይ ከለዘበ ደግሞ በቂ ብርድ ስለማያገኝ አነቃቁ ይበላሻል። አበባው ለሂዴዮሺ ትእዛዝ እንቢ አለ፤ ለፋብሪካና ለመኪና ጢስ ግን፥ ማንም ሳያዝዘው፥ ታዘዘ።

ሁለተኛውም ጭነት ከብዛት የመጣ ነው። በ2024 ጃፓንን የጐበኘው የውጭ አገር ሰው ከ36 ሚሊዮን በላይ ነበር። የዛፍ ሥር በእግር ሲረገጥ አፈሩ ይጠጥራል፤ ሥሩም አየርና ውሃ ያጣል። ለፎቶግራፍ ሲባል ቅርንጫፍ የሚጎትት፥ አበባው እንዲረግፍለት ዛፉን የሚነቀንቅ ሰውም አይጠፋም። በኪዮቶ የጊዮን ሰፈር ነዋሪዎች የግል የሆኑትን ጠባብ መንገዶች በ2024 ለጐብኚ መዝጋታቸው ያለ ነገር አይደለም። ቤተ መቅደሱ ለጐብኚው ትዕይንት ቢሆን እንኳ ለአገሩ ሰው ጸሎት ቤት ነው። ጫማን አውልቆ፥ ድምፅን ዝቅ አድርጎ መግባት ለእኛ አዲስ ነገር ስላልሆነ፥ ከእኛ መካከል ወደዚያ የሚሄድ ሰው ይህን ለመማር የሚቸገር አይመስለኝም።

እንግዲህ በጓድ መጓዝ ክፉ ነው ማለታችን አይደለም፤ ሃናሚ ራሱ ከጥንት ጀምሮ የጓድ ነገር ነውና። ክፉው እንደ ሂዴዮሺ አዛዥ ሆኖ መሄድ ነው። ዕድል ገጥሞት ወደዚያ የሚሄድ ሰው ለአበባው ጥቂት ትርፍ ቀን ይተውለት፤ ረግፎ ቢያገኘውም በውሃ ላይ ተንሳፎ የሚሄደውን ቅጠል ይመልከት፤ ጃፓኖች የረገፈውንም ይወዱታል። መሄድ ያልቻለው ደግሞ ከእነዚያ መነኮሳት አንድ ነገር ሊማር ይችላል። በደጃቸው ያለው ዛፍ ያበበበትን ቀን ሲጽፉ፥ ጽሑፉ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ስለ ዓለም ሙቀት እንደሚመሰክር አላወቁም ነበር። በእኛም ደጅ በየዓመቱ የሚያብብ ዛፍ አለ፤ ያበበበትንም ቀን ለመጻፍ ከእርሳስና ከደብተር በቀር ሌላ አያስፈልግም።