ርቀቱ አንድ፣ ሰዓቱ ሁለት

ከአዲስ አበባ ቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው የአየር ርቀት 11,550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲሄዱም ሲመለሱም ያው ነው። የጉዞው ሰዓት ግን ይለያያል። ከዋሽንግተን የሚነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን የትም ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ቦሌ ይገባል። ከቦሌ ሲነሳ ግን መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ መሙላት ስለሚኖርበት ጉዞው ከ16 ሰዓት በላይ ይወስዳል።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከመነሻው ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ የደለስ ከፍታ ደግሞ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። በቦሌ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። አየር ሲሳሳ ክንፉ ክብደቱን ለማንሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፤ የሞተሩም ጉልበት ይቀንሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ቀለል ብሎ መነሳት አለበት። ወይ ሰውና ዕቃ ይቀነሳል፣ ወይ ነዳጅ።

አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 777-200 ኤል አር ከ15,000 ኪሎ ሜትር በላይ መብረር የሚችል ነው። እንዲህ ያለ አውሮፕላን እንኳ ከቦሌ ሙሉ ጭኖ ዋሽንግተን በአንድ ትንፋሽ ለመድረስ ይቸገራል።

ለዓመታት ነዳጅ የሚሞላው አየርላንድ፣ ደብሊን ላይ ነበር። ጠፍጣፋ ካርታ ለሚያይ ሰው ይህ ትልቅ ዙሪያ ጥምጥም ይመስላል። ምድር ግን ክብ በመሆኗ አጭሩ መስመር ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ ታጥፎ፣ ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ ነው አትላንቲክ ላይ የሚወጣው። በደብሊን በኩል መሄድ ከዚህ መስመር በላይ የሚጨምረው 300 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ነፋስ ነው። አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ የአየር ጅረት አለ፤ በአሜሪካና በአውሮፓ የብርድ ወራት ደግሞ ይበረታል። ወደ አሜሪካ የሚሄደውን ፊት ለፊት ይገጥመዋል፤ የሚመለሰውን ከኋላ ይገፋዋል። በፌብሩዋሪ 2020 አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ አውሮፕላን በዚህ ነፋስ ተገፍቶ ከኒውዮርክ ለንደን የደረሰው በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነበር። በተቃራኒው አቅጣጫ ያው ጉዞ ብዙውን ጊዜ ከ7 ሰዓት በላይ ይፈጃል።

ነፋሱን የሚያስቆመው የለም። ከፍታው ግን መላ አለው፤ ቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ለሚገነባው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ የተመረጠው ቦታ ከቦሌ በመቶዎች በሚቆጠሩ ሜትሮች ዝቅ ያለ ነው። ከዚያ የሚነሳ አውሮፕላን ከቦሌው የበለጠ ጭነትና ነዳጅ መያዝ ይችላል።

እናት አባቱን ወደ አሜሪካ የሚጠራ ሰው እንግዲህ ረጅሙ ጉዞ የመሄጃው መሆኑን አስቀድሞ ይንገራቸው። ሰዓቱንም አብሮ ያስረዳ፤ ትኬት ላይ 22፡30 ተብሎ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4፡30 ነው። በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል ያለው ልዩነትም ከማርች አጋማሽ እስከ ኖቬምበር መግቢያ 7 ሰዓት፣ በቀሪዎቹ ወራት 8 ሰዓት ነው። ሊቀበል የሚወጣ ዘመድ ይህን አስልቶ ይውጣ።