ከጓዳችን የሚጣለው ሀብትና ትንሹ ሠራተኛ

በ2013 ዓ.ም. ከጃንሜዳ ወደ ኃይሌ ጋርመንት የተዛወረው የአትክልት ገበያ ለነፋስ ስልክ ላፍቶ ነዋሪ ቅርብ ነው። ጎመኑንና ድንቹን በዘንቢል ይዘን እንገባለን፤ ልጣጩንና ቅንጥብጣቢውን ደግሞ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቀን እናስወጣለን። ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ከከተማችን ቆሻሻ ከግማሽ የሚበልጠው እንዲህ ያለ በስባሽ ነገር ነው። አየር ሳያገኝ ተከምሮ ሲበሰብስ ተቀጣጣይ ጋዝ ያመነጫል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በረጲ የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ወገኖቻችን ሕይወት አልፏል። እንግዲህ ነገሩ የንጽሕና ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ልጣጩን እዚያው በቤታችን ወደ ማዳበሪያ የሚለውጥ ሠራተኛ አለ፤ እርሱም ቀይ ትል ነው። እንግሊዛዊው ሊቅ ቻርልስ ዳርዊን በ1881 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፥ ለም አፈር በትሎች ሆድ ውስጥ እንደሚያልፍ አስረድቷል። ሆኖም ጓሮ ሲቆፈር የሚወጣው ግራጫ ትል ለዚህ ሥራ አይሆንም። የሚፈለገው በእበትና በረገፈ ቅጠል መካከል የሚኖረው ቀዩ ዓይነት ነው። ሲመቸው በቀን የክብደቱን ግማሽ ያህል ይበላል።

በጀሞ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ክዳን ያለው ሳጥን ይበቃዋል። ጎኑና ታቹ ይበሳሳል፤ ከሥሩ ፈሳሽ የሚቀበል ዝርግ ዕቃ ይቀመጣል፤ ውስጡ የተቀዳደደ ጋዜጣና ካርቶን ይነጠፍበታል። ርጥበቱ እንደተጨመቀ ጨርቅ ይሁን፤ ትል በቆዳው ስለሚተነፍስ ድርቀት ይገድለዋል፥ የተኛ ውኃም ያፍነዋል። የአትክልት ልጣጭ፥ የቡና አተላና የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት ይወዳል። ሥጋ፥ ዘይት፥ ጨውና በርበሬ ያለበት የወጥ ትራፊ ግን አይስማማውም። ምግቡ ከንጣፉ ሥር ከተቀበረ ዝንብም ሽታም አይኖርም።

ግቢ ያለው ሰው ደግሞ በውጭ መደብ ይሥራ። ከሁለቱም ጎን እጅ እንዲደርስበት ወርዱ ከ1 ሜትር አይብለጥ፤ ዙሪያው በጡብ ይከበብ፤ የክረምት ዝናብ እንዳያጥለቀልቀው ከመሬት ከፍ ብሎ ቆርቆሮ ይልበስ። ዶሮና ጉንዳን ጠላቶቹ ናቸው። ትኩስ እበት ስለሚግል ሰንብቶ ይግባ። ትሉን የሚስማማው ሙቀት ከ15 እስከ 25 ዲግሪ በመሆኑ፥ ለኅዳርና ለታኅሣሥ ሌሊት ጭድ ማልበስ ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ የቤት ውስጡ ሳጥን ይሻላል፤ ብዙ ልጣጭ በመቀበል ግን የውጩ መደብ ይበልጣል።

ከ3 ወር ገደማ በኋላ፥ ጠቆር ያለና ዝናብ የነካው አፈር የሚሸት ብስባሽ ይገኛል። አዲሱ ምግብ በአንድ ጎን ብቻ ሲደረግ ትሎቹ ወደዚያው ይሰበሰባሉ፤ የቀረው ተዝቆ ለጎመኑ መደብ ይሆናል።

አንድ ሳጥን ብቻውን ቆሼን እንደማያስቀር እናውቃለን። ነገር ግን በትምህርት ቤት ስለ ልማት የምንማር፥ በመሥሪያ ቤትም ስለ ልማት ደብዳቤ የምንጽፍ ወጣቶች፥ የገዛ ጓዳችንን ልጣጭ ሌላ ሰው እንዲሸከምልን መጠበቃችን እስከ መቼ ነው? እጅን አፈር ማስነካት ክብር አይቀንስም፤ ትሉም የሚፈልገው አንድ ሳጥንና ትንሽ ትጋት ብቻ ነው።