ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ፣ መርሳ ላይ

ጠዋት ከቤት ከመውጣቴ በፊት ሁልጊዜ የማደርገው አንድ ነገር አለ። የናይትሮጅን ኮንቴነሩን ክዳን አነሳና ቀጭን ዘንግ እስከ ታች እሰዳለሁ። ጥቂት ቆይቼ አወጣውና በአየር ላይ አወዛውዘዋለሁ። ፈሳሹ የነካው የዘንጉ ክፍል ነጭ አመዳይ ይለብሳል። አመዳዩ ረጅም ከሆነ ቀኔ ቀና ነው። አጭር ከሆነ ስልክ አነሳለሁ።

በሐብሩ ወረዳ የከብት አዳቃይ ቴክኒሻን ነኝ። ገበሬው «የመርፌው ሰውዬ» ይለኛል። ማንጎና ፓፓያ በሚደርስባት፣ ቀትር ላይ ሰው ጥላ በሚፈልግባት መርሳ፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ የሆነ ፈሳሽ በሞተር ብስክሌት ተሸክሜ እዞራለሁ። በውስጡ በቀጫጭን ስትሮዎች የታሸገ የኮርማ አባለዘር አለ፤ እያንዳንዱ ስትሮ ሩብ ሚሊ ሊትር ነው የሚይዘው።

አንድ ቀን ግራና በኩል ላማቸው ኮርማ የፈለገችባቸው አንዲት እናት ጠሩኝ። ክዳኑን ስከፍት ነጭ ጉም ወጥቶ መሬት ለመሬት ሲንፏቀቅ አይተው ሸሹ። ከዚያ ቀረብ ብለው፣ «ልጄ፣ ደጋ ያለው ወንድሜ ገብሱን ውርጭ በአንድ ሌሊት ይፈጅበታል። ይኸ ከውርጭ የባሰ ነው ትለኛለህ። ታዲያ ዘሩ እንዴት ነፍስ ይኖረዋል?» አሉኝ።

ያን ዕለት የሰጠኋቸው መልስ ስልጠና ላይ የሸመደድኩት ነበር፤ እኔንም አላጠገበኝም። ትክክለኛውን መልስ ለማግኘት ዓመታት ፈጅቶብኛል።

ገብሱን የሚገድለው ቅዝቃዜው ራሱ ሳይሆን በረዶው ነው። ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ቅንጣቶቹ ተሰልፈው እንደ ሸማ ድርና ማግ ሥርዓት ይይዛሉ። ለሰልፉ ሰፊ ቦታ ስለሚሹ ውሃው በ9 በመቶ ገደማ ያብጣል። በሰልፉ ውስጥ ቦታ የሌለውን ጨው ደግሞ ወደ ውጭ ይገፉታል። በሕዋሱ ውስጥ የተፈጠረ በረዶ ይወጋዋል፤ በውጭ የተፈጠረው ውሃውን እየሳበ በጨው ያቃጥለዋል። ውርጭ የመታው ቅጠል ፀሐይ ሲነካው የሚጠወልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ፈሳሽ ግን ሲቀዘቅዝ ሌላም መንገድ አለው፤ ሳይሰለፍ ባለበት ሊቆም ይችላል። ማር ሁለቱንም መንገድ ያሳየናል። ቆይቶ ስኳር ሲያወጣ ቅንጣቶቹ እየተሰለፉ ነው። በጣም ሲቀዘቅዝ ግን እየወፈረ፣ እየወፈረ ሄዶ፣ ከዜሮ በታች 40ና 50 ዲግሪ መካከል ሲደርስ መፍሰስ ያቆማል። ያኔ ቢመቱት እንደ መስኮት ይሰበራል። መልኩ ደረቅ ነው፤ ውስጡ ግን የፈሳሽ ዝብርቅ እንዳለ አለ። የሳይንስ ሰዎች መስታወት የሚሉት ይህንን ነው። ከስኳር ተፈልቶ የሚሠራው ከረሜላ መስታወት ነው። አባቶቻችን ቆዳ የፋቁበት፣ መልካ ቁንጥሬ አጠገብ ባልጪት ላይ በብዛት የሚገኘው ባልጩትም መስታወት ነው፤ ቀልጦ የወጣ ድንጋይ ለመሰለፍ ጊዜ ሳያገኝ ስለ ቀዘቀዘ። የእኔ ስትሮም በከፊል እንደ ባልጩት ነው ብል አላጋነንኩም።

ይህን ያስቻለን ቆዳችንን የምንቀባው ግሊሰሪን ነው። በ1949 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንግሊዛዊው ክሪስቶፈር ፖልጅና ባልደረቦቹ የአውራ ዶሮ አባለዘር ሊያቀዘቅዙ ሲሞክሩ ስኳር ነው ብለው የተጠቀሙበት ጠርሙስ ግሊሰሪን ያለበት ሆኖ ተገኘ፤ ዘሩም ከቀለጠ በኋላ ተንቀሳቀሰ። ያ የጠርሙስ ስህተት ባይኖር ዛሬ ሥራዬ ምን እንደሚሆን አላውቅም። አሁን አባለዘሩ በእንቁላል አስኳልና በግሊሰሪን ይበጃል። ሲቀዘቅዝ ከሕዋሱ ውጭ ያለው ውሃ በከፊል በረዶ መሆኑ አይቀርም። ዘሩ ያለበት የቀረው ፈሳሽ ግን እንደ ሽሮፕ ይወፍርና ሳይሰለፍ ይቆማል። ሕዋሱ በዚያ በቆመው ሽሮፕ ውስጥ እንዳለ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። «ቀዝቃዛ ነው» ማለት ብቻውን አይበቃም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አባለዘር የሚቀመጠው ከዜሮ በታች 79 ዲግሪ በሆነ ደረቅ በረዶ ውስጥ ነበር፤ ዘሩም ቀስ በቀስ እየደከመ ይሄድ ነበር። በዚያ መጠን ሽሮፑ ገና አልቆመም፤ ቀስ ብሎም ቢሆን ይላወሳል፤ ትንንሽ የበረዶ ቅንጣቶች እየተዋዋጡ ያድጋሉ። አስተማማኝ የሚሆነው ከዜሮ በታች ከ130 ዲግሪ ሲወርድ ነው። በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ደግሞ የኬሚስትሪ ሥራ ቀጥ ይላል። ለዚህ ነው ከሞተ ብዙ ዓመት ካለፈው ኮርማ ዛሬ ጥጃ የሚወለደው።

ስትሮ ስንመርጥ ስትሮዎቹን የያዘውን ማንጠልጠያ ከኮንቴነሩ አንገት በላይ እንዳናወጣ፣ ከጥቂት ሰከንድ በላይም እንዳናቆይ የሚነገረን ከዚሁ የተነሣ ነው። ብዙዎቻችን የአለቃ ትእዛዝ ይመስለናል። ነገር ግን ስትሮው ቀጭን ስለሆነ በሐብሩ አየር ውስጥ ቶሎ ይሞቃል። ያ መስታወት ይላላል፤ በረዶው ያድጋል። መልሰህ ብትከተው በዓይን የሚታይ ለውጥ የለም። ገበሬው የሚያውቀው ላሚቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ዳግም ኮርማ ስትፈልግ ነው። «መርፌው አይሠራም» የሚለው ቅሬታ በከፊል ከእኛው እጅ የሚነሣ ነው፤ ይህን ስጽፍ ያመኛል።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የሆነው ነው። የሰሜኑ ጦርነት ወልድያንና መርሳን ሲውጥ ኮንቴነሩን ትቼ ከቤተሰቤ ጋር ሸሸሁ። የቱንም ያህል ጥሩ ኮንቴነር ቢሆን ናይትሮጅን በየቀኑ ይተናል፤ ካልሞሉት ያልቃል። ስመለስ ኮንቴነሩ ከነክዳኑ ቆሟል። ዘንጉን ሰደድኩ፤ ደረቅ ሆኖ ወጣ። ስትሮዎቹ በየቦታቸው ናቸው፤ ቀለማቸው አልተለወጠም፤ በላያቸው የተጻፈው የኮርማ ቁጥር ይነበባል። አንድ በአንድ ቆጥሬ ጣልኳቸው። ሰው ባለቀበት ወቅት ስለ አባለዘር ማዘን ነውር መሰለኝና ለማንም አልተናገርኩም።

የእህቴ ልጅ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ይማራል። የመስታወቱን ነገር ሳጫውተው፣ «አጎቴ፣ መስታወት ፈጽሞ ይቆማል ብለህ ነው?» አለኝ። ከእኔ ኮንቴነር በታች ገና 77 ዲግሪ መውረድ ይቻላል፤ ከዜሮ በታች 273.15 ላይ መጨረሻው ነው። በ1971 እንደ አውሮፓውያኑ፣ ዜለርና ፖል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ወደዚያ መጨረሻ አንድ ዲግሪ እስኪቀር ድረስና ከዚያም በታች መስታወትን መረመሩ። የተሰለፈው ክሪስታል እዚያ ሲደርስ ጸጥ ይላል፤ ለማሞቅ ኢምንት ሙቀት ይበቃዋል። ከተመሳሳይ ነገር የተሠራው መስታወት ግን ከክሪስታሉ ብዙ እጥፍ የበለጠ ሙቀት ይውጣል። ሙቀቱን የሚውጥ እንቅስቃሴ በውስጡ ቀርቷል ማለት ነው።

ልጁ ይህን ያስረዳኝ በሚኒባስ ምሳሌ ነው። ከወልድያ መርሳ በሚመጣ የተጨናነቀ ሚኒባስ ውስጥ ቦታ ሳይደለደል የተቀመጠ ሰው አንዴ በግራ ጎኑ አንዴ በቀኝ ጎኑ ይሆናል፤ ሁለቱም እኩል አይመቹትም። በመስታወት ውስጥም ሳይሰለፉ የቀሩ አንዳንድ አተሞች ሁለት ተቀራራቢ መቀመጫ አላቸው። በመካከሉ ያለውን ጉብታ የሚዘሉበት ጉልበት ባይኖራቸውም፣ በኳንተም ሕግ ጉብታውን ሰርስረው ወዲያና ወዲህ ይላሉ። ይህን ማብራሪያ በ1972 አንደርሰን፣ ሃልፐሪንና ቫርማ በአንድ ወገን፣ ፊሊፕስ በሌላ ወገን አቀረቡት። ዛሬ የኳንተም ኮምፒውተር የሚሠሩ ሰዎች እነዚህ ሁለት መቀመጫ ያላቸው አተሞች ያስቸግሯቸዋል። ለእኔ ስትሮዎች ግን ስጋት አይደሉም።

ልጁ ሌላም ነገረኝ፤ እሱን ለግራናዋ እናት ወሰድኩላቸው። በደንብ የደረቀ የማሽላ ፍሬ ውስጡ መስታወት ነው፤ ያውም ያለ ናይትሮጅን። ውሃው ሲቀንስ በሕዋሱ ውስጥ ያለው ስኳርና ፕሮቲን ሳይሰለፍ ይቆማል፤ ሕይወትም በዚያ ውስጥ ዝናብ ትጠብቃለች። እርጥበት ሲገባው መስታወቱ ይላላል፤ ዘሩም ጎተራ ውስጥ ሳለ ያረጃል። «ዘር በደንብ ካልደረቀ ጎተራ አይገባም፤ ይህን እናቴም ታውቀው ነበር» አሉኝ። ከዚያም፣ «እንግዲያው ያንተም ዘር የደረቀ ማሽላ ነዋ!» አሉ።

አሁን ስሄድ ሰዓት የሚይዙልኝ እሳቸው ናቸው። ስትሮው በፍጥነት ካልቀለጠ በረዶው በመንገድ ላይ እንደሚያድግ ስለገባቸው፣ 37 ዲግሪ የሞቀውን ውሃ ራሳቸው ያቀርቡልኛል። ስትሮውን ስነክር ላሚቱን በአንድ እጃቸው እያሻሹ፣ በሌላው የልጅ ልጃቸውን ስልክ ይዘው፣ ሠላሳ እስኪሞላ ጮክ ብለው ይቆጥራሉ።