ስለ ፈጣን ጀልባ መሪና ስለ ደቡብ ቆላ ውኃዎች

ነጌሌ ቦረና ላይ ተቀምጦ፣ ከብቱና ግመሉ ውኃ ፍለጋ ቀኑን ሙሉ በሚጓዝበት፣ ውኃውም ከጥልቅ ኤላ በሰው ክንድ እየተቀባበለ በሚወጣበት አገር፣ ስለ ፈጣን ጀልባ መሪ አመራረጥ መጻፍ ለአንዳንዱ አንባቢ ቅንጦት መስሎ ሊታየው ይችላል። ነገር ግን የዚሁ አገር ወንዝ ገናሌ፣ ዶሎ አጠገብ ከዳዋ ጋር ተገናኝቶ በጁባ ስም ወደ ህንድ ውቅያኖስ ከማምራቱ በፊት፣ በ2012 ዓ.ም. በተመረቀውና 254 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ በተሠራው፣ ቁመቱም 110 ሜትር በሆነው የገናሌ ዳዋ 3 ግድብ ተገትቶ ሐይቅ ሆኖ ተኝቷልና፣ ነገ ጀልባ ልግዛ የሚል ሰው ከነጌሌ ቢነሣ ሊያስደንቀን አይገባም።

መሪ የሌለው ሐመር የማዕበል መጫወቻ መሆኑን ለማወቅ ሊቀ ሐመር መሆን አያሻም፤ ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 3 አንደበትን ታላቅ መርከብ ከምታዞር ታናሽ መቅዘፊያ ጋር ማነጻጸሩም፣ ነገሩ በሰሚዎቹ ዘንድ የታወቀ ስለ ነበረ ነው። በኦሞራቴ፣ ከአንድ ግንድ በተፈለፈለች ታንኳ ሰው የሚያሻግረው የዳሰነች ቀዛፊ ይህንኑ ሕግ ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል፤ የኦሞን ግፊት አስቀድሞ ገምቶ የታንኳይቱን አፍንጫ ሽቅብ ያቀናል፣ ወንዙ ቁልቁል ሲወስዳት እርሱ ካሰበው ዳርቻ ትደርሳለች። ኃይሉም መሪውም በአንድ እጅ ነው።

ይህ አንድነት ሞተር ከመጣም በኋላ አልፈረሰም። ኦሌ ኤቪንሩድ የተባለው በኖርዌይ የተወለደ አሜሪካዊ በ1909 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያበቃው፣ በጀልባ ጀርባ ላይ የሚንጠለጠለው ሞተር የሚመራው በገዛ እጀታው ነበር፤ በአርባ ምንጭ፣ ጫሞ ሐይቅ ላይ ጎብኚን አዞዎች ወደሚሰበሰቡበት «አዞ ገበያ» የሚያደርሱት ሞተሮችም የዚያው ዘር ናቸው። ነጂው ከኋላ ተቀምጦ እጀታውን ወደ ግራ ሲገፋ ጀልባዋ ወደ ቀኝ ትዞራለች፤ ጫፉን ሲጠመዝዘው ነዳጅ ይጨምራል፣ ሲመልሰው ይቀንሳል። ጉማሬ ሳይታሰብ ከፊት ብቅ ቢል ፍጥነት መቀነሱና አቅጣጫ መለወጡ በአንዲት የእጅ እንቅስቃሴ ይፈጸማሉ። በእኔ ግምት እስከ 40 የፈረስ ጉልበት ላለው ሞተር ከዚህ የሚሻል መሪ አልተሠራም።

ጉልበቱ እያደገ ሲሄድ ግን የፕሮፔለሩ ዙር ሞተሩን ወደ አንድ ጎን ስለሚጎትተው የነጂው ክንድ ይዝላል። ያን ጊዜ እንደ መኪና ክብ መሪ ከፊት ይተከልና፣ በሽፋኑ ውስጥ በሚመላለስ ኬብል ከሞተሩ ጋር ይያያዛል፤ ርካሽ ነው፣ ዳሩ ግን ኬብሉ ሲዝግ ይከብዳል፣ ሲያረጅ ይላላል። ከ150 የፈረስ ጉልበት ወዲያ ላለው አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው ሃይድሮሊክ ነው፤ ከመሪው ሥር ያለች ፓምፕ ዘይት በቱቦ ወደ ኋላ ልካ የሲሊንደሩን ዘንግ ትገፋለች።

ለሩጫ በተሠራ ጀልባ ነገሩ ሌላ ነው። ቮልቮ ፔንታ በ1959 እ.ኤ.አ. ካስተዋወቀው ወዲህ በተስፋፋው አሠራር፣ ሞተሩ በጀልባው ሆድ ውስጥ ይቀመጥና ፕሮፔለሩን የያዘው እግሩ ብቻ የኋላውን ግድግዳ አልፎ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ እግሩን የሚያዞረውም ከውስጥ በግድግዳው በኩል የሚመጣ ክንድ ነው። የክንዱ መጋጠሚያ ጥቂት ሲበላ፣ መሪው ሳይነካ እግሩ ወዲያና ወዲህ ማለት ይጀምራል። በዝግታ ጉዞ ይህ ከቁም ነገር አይገባም፤ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲታለፍ ግን፣ አብዛኛው የጀልባው ሆድ ከውኃ ወጥቶ በጭራው አካባቢ ብቻ ስለሚደገፍ፣ ያች ጥቂት መላላት ጀልባውን ከጎን ወደ ጎን ታንገዋልለዋለች፤ ነጂው ላርም ባለ ቁጥር እርማቱ እየዘገየ ይደርስና ነገሩን ያባብሰዋል። ውጫዊ የሚባለው መሪ የተፈለሰፈው ለዚህ ነው። ሁለት ሲሊንደሮች ከግድግዳው ውጭ፣ በእግሩ ግራና ቀኝ ይታሰራሉ፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ እግሩም በሁለቱ መካከል ተጨብጦ ይቆማል። ሞተሩ ሁለት ከሆነ እግሮቹ በጠንካራ ዘንግ ይተሳሰራሉ። ሊመርጠው የሚሻ ሰው ከዋጋው በፊት ግድግዳውን ይመርምር፤ ሲሊንደሮቹ የሚጎትቱት እርሱን ነውና፣ እርጥበት የበላው እንጨት ብሎኑን አይዝም። ፓምፑ ከሞተሩ ጉልበት የሚያገኝ ከሆነ፣ ሞተሩ በድንገት ሲጠፋ መሪው ምን ያህል እንደሚከብድ ዳርቻ አጠገብ ይሞክረው። አባያን የመሰለ ደለል የሞላበት ቀይ ውኃ ደግሞ ውጭ የተጋለጠውን ዘንግና የዘይት መከላከያ ጎማውን ይፍቃልና፣ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ በንጹሕ ውኃ ማጠብ ግድ ነው።

እንግዲህ ፍርዴን ልናገር፦ ለጫሞም ሆነ ለአዲሱ የገናሌ ሐይቅ፣ ዓሣ ለሚያጠምድና መንገደኛ ለሚያመላልስ ሰው ውጫዊ ሃይድሮሊክ መሪ ትርፍ ወጪ ነው። ገንዘቡን ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ ተንሳፋፊ ጃኬት ይግዛበት፤ ሞተር ማጥፊያ ገመዱንም ሳይነሣ በፊት ከገዛ አካሉ ጋር ይሰር። አለዚያ ነጂው ወድቆ እጀታው ሲለቀቅ፣ ሞተሩ በራሱ ወደ አንድ ጎን ታጥፎ ጀልባዋን በወደቀው ሰው ዙሪያ ያሽከረክራታል፤ ጫሞም አዞ አያጣም።