የፎርድ አፍቃሪዎችና የፎርድ ገዢዎች፤ የማን ድምፅ ይሰማ?

በአሜሪካ ፎርድ የሚነዳውም የማይነዳውም ስለ ፎርድ አስተያየት አለው። ሄንሪ ፎርድ በ1903 ያቋቋመው ኩባንያ ምን ዓይነት መኪና መሥራት እንደነበረበት፣ የትኛውን ሞዴል ያለጊዜው እንደቀበረ፣ ለየትኛው የማይገባውን ስም እንደሰጠ የመኪና አፍቃሪዎች ሲከራከሩ ውለው ቢያድሩ አይሰለቻቸውም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ክርክሩ በሦስት ጉዳዮች ላይ ጠንክሯል። አንደኛው፣ ኩባንያው በአሜሪካ ገበያ የቤት አውቶሞቢል መሸጡን እርግፍ አድርጎ መተዉ ነው። ሁለተኛው፣ “ሙስታንግ” የተባለውን ዝነኛ ስም ለኤሌክትሪክ መኪና መስጠቱ ነው። ሦስተኛው የዋጋና የጥራት ነገር ነው። አፍቃሪዎቹ በሦስቱም ፎርድን ይወቅሳሉ። ኩባንያው ደግሞ የሽያጭ መዝገቡን ገልጦ ያሳያል።

ጥያቄው ከፎርድ አልፎ ዕቃ ሠርቶ የሚሸጥን ሁሉ የሚመለከት ነው። ድምፁ ጎልቶ የሚሰማው ደንበኛ ገበያውን ይወክላልን? ካለፈው ታሪክ እንደሚታየው አፍቃሪ ምን እንደሚሸጥ አስቀድሞ በማወቅ ረገድ ብዙ ጊዜ ተሳስቷል። የኩባንያውን ስምና ክብር በመጠበቅ ረገድ ግን ከሥራ አስኪያጆቹ የተሻለ ዘበኛ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ አለ።

መልአክ ያላወጣው ስም

“ስምን መልአክ ያወጣዋል” ይባላል። ፎርድ በ1950ዎቹ አጋማሽ ለሚሠራው አዲስ መኪና ስም ለማግኘት ያላንኳኳው በር አልነበረም። በሺዎች የሚቆጠሩ ስሞች ተሰበሰቡ። ገጣሚዋ ማሪያን ሙር ሳትቀር ስም እንድትጠቁም ተጠየቀች። ካቀረበቻቸው መካከል አንዱ “ዩቶፒያን ተርትልቶፕ” የሚል ነበር። በመጨረሻ ይህ ሁሉ ወደ ጎን ተትቶ መኪናው በሄንሪ ፎርድ ልጅ ስም “ኤድሰል” ተባለ።

ኤድሰል በሴፕቴምበር 1957 ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ኩባንያው መኪናውን ሳያሳይ በማስታወቂያ የሕዝቡን ጉጉት ሰማይ አድርሶት ነበር። መጋረጃው ሲገለጥ የታየው ግን ከሌሎቹ የፎርድ ምርቶች ብዙም ያልራቀ፣ ከፊቱ ወደ ላይ የረዘመ እንግዳ ክፈፍ የተገጠመለት መኪና ሆነ። የአሜሪካ ኢኮኖሚ በዚያው ሰሞን መቀዛቀዙም አልረዳውም። በሦስት የሞዴል ዓመታት ውስጥ 118 ሺህ ገደማ ብቻ ተሠርቶ በኖቬምበር 1959 ምርቱ ቆመ። ኪሳራው 250 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደደረሰ ይነገራል።

ከዚህ ውድቀት አምስት ዓመት ሳይሞላው፣ ኤፕሪል 17 ቀን 1964 ፎርድ ሙስታንግን አወጣ። የፎርድ ዲቪዥን ኃላፊ በነበረው በሊ አያኮካ መሪነት የተሠራው ይህ መኪና ከውስጥ ሲታይ አብዛኛው አካሉ “ፋልከን” ከተባለው ርካሽ የቤት አውቶሞቢል የተወሰደ ነበር። ውጪው ግን ረጅም አፍንጫና አጭር ጭራ ያለው የወጣት መኪና ነው። መነሻ ዋጋው 2,368 ዶላር ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ከ400 ሺህ በላይ ተሸጠ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው አንድ ሚሊዮኛው ሙስታንግ ከፋብሪካ ወጣ።

ሙስታንግ የሰመረለት በስሙ ብቻ አልነበረም። በደመወዙ የሚኖር ወጣት ገንዘብ አጠራቅሞ ሊገዛው የሚችል ውብ መኪና መሆኑ ነው። የዛሬው ክርክር በአመዛኙ የሚያጠነጥነው በዚህ ነጥብ ላይ ነው።

አፍቃሪዎች የተሳሳቱበትና ያልተሳሳቱበት

በ1973 መገባደጃ ፎርድ ሙስታንግን አሳንሶና አቅልሎ “ሙስታንግ 2” ብሎ አቀረበው። አዲሱ ሞዴል “ፒንቶ” ከተባለው ትንሽ መኪና ብዙ የወረሰ ሲሆን፣ በመጀመሪያው ዓመት ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር እንኳ አልነበረውም። አፍቃሪዎች እስከ ዛሬ ድረስ ይህን መኪና ሲያነሱ ፊታቸውን ያጨፈግጋሉ።

ገበያው ግን ሌላ ነገር ተናገረ። መኪናው በወጣ በሳምንታት ውስጥ፣ በኦክቶበር 1973 የዓረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ ተጣለ። ነዳጅ ማደያዎች በሰልፍ ተጨናነቁ። በ1973 ሞዴል 135 ሺህ ገደማ ተመርቶ የነበረው ሙስታንግ በ1974 ሞዴል ወደ 386 ሺህ ገደማ ከፍ አለ። አፍቃሪ የናቀው መኪና ኩባንያውን በክፉ ቀን ደገፈው።

በ1987 የሆነው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ፎርድ ሙስታንግን ከጃፓኑ ማዝዳ ጋር በመተባበር በተነደፈ፣ የፊት ጎማዎቹ በሚስቡት መኪና ሊተካው አቅዶ ነበር። በወረቀት ላይ ሂሳቡ ትክክል ነበር፤ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ወጪም ይቀንሳል። “ኦቶዊክ” የተባለው መጽሔት ወሬውን ሲያወጣው ግን አፍቃሪዎች ተቆጥተው ለኩባንያው የደብዳቤ መዓት አወረዱበት። ኩባንያው አፈገፈገ። አዲሱ መኪና “ፕሮብ” የሚል ሌላ ስም ተሰጥቶት በ1988 ገበያ ላይ ዋለ። ሙስታንግ ባለበት ቀጠለ።

ፍርዱን ጊዜ ሰጠ። ፕሮብ በ1997 ምርቱ ሲቆም ሙስታንግ አልሞተም። ይባስ ብሎ ፕሮብ ይመረትበት የነበረው በሚሺጋን ግዛት የሚገኘው የፍላት ሮክ ፋብሪካ ከ2004 ጀምሮ የሙስታንግ መሥሪያ ሆነ።

ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ልዩነታቸውን ይረዳል። በ1973 አፍቃሪዎች የጠሉት የመኪናውን ማነስ ነበር፤ ገዢው የፈለገው ደግሞ ማነሱን ነው። በ1987 የተቃወሙት ስሙ ለማይመስለው ዕቃ እንዳይሰጥ ነበር፤ በዚህ ልክ ነበሩ።

የቤት አውቶሞቢል ስንብት

ፎርድ ኤፕሪል 2018 ላይ ከሙስታንግና ከአንድ የ“ፎከስ” ዓይነት በስተቀር በሰሜን አሜሪካ የቤት አውቶሞቢሎችን ቀስ በቀስ እንደሚያቆም አስታወቀ። ያ አንድ የፎከስ ዓይነት ከቻይና ሊመጣ የታሰበ ነበር። የትራምፕ መንግሥት 25 በመቶ ቀረጥ ሲጥል እሱም በዚያው ዓመት ቀረ። “ፊየስታ” እና “ቶረስ” በ2019 ተሰናበቱ። “ፊውዥን” በ2020 ተከተላቸው።

በተለይ የቶረስ መሄድ ብዙዎችን አሳዝኗል። ቶረስ ከ1992 እስከ 1996 በተከታታይ በአሜሪካ ከፍተኛ ሽያጭ ያለው አውቶሞቢል ነበር። በ1996 ሞዴል ግን ቅርጹ ክብ በክብ ሆኖ ሲለወጥ ገዢው ሸሸ፤ በ1997 መሪነቱን የቶዮታው ካምሪ ወሰደ። ፎርድ በ2006 ስሙን ጭራሹን ጥሎ ተተኪውን “ፋይቭ ሀንድረድ” አለው። በዚያው ዓመት ከቦይንግ መጥቶ የዋና ሥራ አስፈጻሚነቱን ሥልጣን የያዘው አለን ሙላሊ ግን ሰው ሁሉ የሚያውቀው ስም መጣሉ አልገባውም። በ2007 ቶረስ የሚለው ስም ተመለሰ።

አፍቃሪዎች ብዙም ያላወደሱት፣ ሠርቶ አደሩ ግን የማይረሳው ሌላ የፎርድ አውቶሞቢልም ነበር። “ክራውን ቪክቶሪያ” በጠንካራ ሻንሲ ላይ የተሠራ ባለ 8 ሲሊንደር መኪና ሲሆን ለፖሊስና ለታክሲ ሥራ የተመረጠ ነበር። በዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ ሲነዱ የኖሩ ኢትዮጵያውያንም በሚገባ ያውቁታል። ምርቱ የቆመው በ2011 ነው።

በ2018ቱ ውሳኔ ላይ አፍቃሪዎች በሁለት ጎራ ተከፍለዋል። አንደኛው ወገን፣ “ትንሽ መኪና የገዛ ወጣት ነገ ትልቁን የሚገዛ ደንበኛ ነው፤ ፎርድ ይህን ደንበኛ ለቶዮታና ለሆንዳ አስረከበ” ይላል። ሁለተኛው ወገን፣ “አሜሪካዊ ከፍ ያለ መኪናና ፒክአፕ ወዷል፤ ትርፍ የሌለው ሞዴል ይዞ መንገታገት ለምን ያስፈልጋል?” ሲል ይመልሳል።

የመጀመሪያዎቹ ወቀሳ ውስጥ አንድ የሚያሳፍር ነገር አለ። ፈጣኖቹን “ፊየስታ ኤስቲ” እና “ፎከስ አርኤስ” ወደር የላቸውም ብለው ያወደሱት ብዙ ሲሆኑ አዲሱን ከሻጭ የገዛው ግን ጥቂት ነው። ቀሪው ሦስት ዓመት ቆይቶ ያገለገለውን በርካሽ ይገዛል። ፋብሪካ ከዚህ ሰው የሚያገኘው ምስጋና ብቻ ነው።

ሁለተኛዎቹ ደግሞ የሚዘሉት እውነት አለ። ፎከስና ፊየስታ ከገበያ የወጡት የገዢው ምርጫ ስለተለወጠ ብቻ አይደለም። በ2010ሮቹ መጀመሪያ የተገጠመላቸው አውቶማቲክ ካምቢዮ እየተንቀጠቀጠ ባለቤቶችን ፍርድ ቤት ያደረሰ ነበር። በራስ ጥፋት የተባረረን ደንበኛ “ምርጫው ተለወጠ” ማለት ሂሳብን ማሳመር ነው።

ስም ያበደሩት ኤሌክትሪክ መኪና

ኖቬምበር 2019 ላይ ፎርድ “ሙስታንግ ማክ-ኢ” የተባለ ባለ አምስት በር የኤሌክትሪክ መኪና ሲያሳይ የ1987ቱ ቁጣ የተመለሰ መሰለ። “ሁለት በርና የሚያጓራ ሞተር የሌለው ሙስታንግ፣ ሙስታንግ አይደለም” የሚለው አቤቱታ በረከተ። ኩባንያው በበኩሉ ማንም የማያውቀውን አዲስ ስም ከማስተዋወቅ የታወቀውን መጠቀም እንደሚሻል አሰበ።

በዚህ ጊዜ ግን ፎርድ እውነተኛውን ሙስታንግ አልገደለውም። ሰባተኛው ትውልድ ሴፕቴምበር 2022 ላይ ሲታይ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተሩና በእጅ የሚቀየረው ማርሽ አብረውት ነበሩ። በ2024 በአሜሪካ 51,745 ማክ-ኢ ሲሸጥ የሙስታንግ ሽያጭ 44,003 ሆኖ ከኋላ ቀረ። ሙስታንግ በ2015 ብቻውን ከ122 ሺህ በላይ ተሸጦ ነበር።

እነዚህ ቁጥሮች ሁለቱንም ወገን ያስደስታሉ፤ ሁለቱንም ያሳፍራሉ። ስሙን ማበደሩ ሽያጭ አላሳጣም የሚለው ትክክል ነው። ስሙን ባስከበረው መኪና ሽያጭ ግን በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ ወድቋል። ስሙን በደብዳቤ የታደገው ትውልድ አርጅቷል። ወጣቱ ደግሞ አቅሙ አልደረሰም።

መፈክርና መዝገብ

በ1980ዎቹ የፎርድ ማስታወቂያ “የመጀመሪያው ሥራችን ጥራት ነው” ይል ነበር። በ2025 ኩባንያው ጉድለት የተገኘባቸውን መኪኖች ለማስጠገን ከ150 በላይ ጥሪዎች አድርጓል። በአንድ ዓመት ይህን ያህል የጠራ የመኪና አምራች ከዚያ በፊት አልነበረም። ኩባንያው ቁጥሩ የበዛው ጉድለትን አጥብቆ ስለሚፈልግ ነው ይላል። መኪናውን ጋራዥ አቁሞ ወደ ሥራ በአውቶቡስ የሚሄድ ባለቤት ይህን ማብራሪያ በቀላሉ አይቀበልም።

የዋጋው ነገርም እንዲሁ ነው። በ2021 “ማቨሪክ” የተባለው አነስተኛ ፒክአፕ በ19,995 ዶላር መነሻ ዋጋ ሲወጣ አፍቃሪውም ገዢውም አንድ ላይ አጨበጨቡ። በ2025 መነሻው ከ28 ሺህ ዶላር በላይ ሆኗል። ኤሌክትሪኩ “ኤፍ-150 ላይትኒንግ” በ40 ሺህ ዶላር ገደማ እንደሚሸጥ ተነግሮለት በ2022 ቢወጣም፣ ዓመቱ ሳያልቅ መነሻ ዋጋው 55 ሺህ ዶላር አልፏል። በሴፕቴምበር 2025 በአሜሪካ የአንድ አዲስ መኪና አማካይ ዋጋ 50 ሺህ ዶላርን የተሻገረ መሆኑን ለሚያስብ ሰው ይህ ጨዋታ አይደለም።

ነገ ምን ይመጣል?

የፎርድ የኤሌክትሪክ መኪና ክፍል በ2023 4.7 ቢሊዮን፣ በ2024 ደግሞ 5.1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከስሯል። ዲሴምበር 2025 ላይ ኩባንያው ከዚህ ዕቅድ ለውጥ ጋር የተያያዘ 19.5 ቢሊዮን ዶላር ወጪ እንደሚመዘግብ አስታውቆ፣ ሙሉ ኤሌክትሪክ የሆነውን ላይትኒንግ አቆመ። በምትኩ ባትሪውን የሚሞላ የቤንዚን ሞተር የተጨመረበት እንደሚመጣ ተናግሯል። “አላልናችሁም?” ያሉ አፍቃሪዎች ጥቂት አይደሉም።

ነገር ግን ቻይናም አለች። ከ2020 ጀምሮ ኩባንያውን የሚመሩት፣ ራሳቸው የመኪና ሽቅድምድም አፍቃሪ የሆኑት ጂም ፋርሊ፣ በ2024 የቻይናውን “ሻኦሚ” ኤሌክትሪክ መኪና ለስድስት ወር ነድተው መመለስ እንዳልፈለጉ በይፋ ተናግረዋል። የተፎካካሪን ዕቃ እንዲህ ያወደሰ ሥራ አስኪያጅ ለገዛ ኩባንያው የማስጠንቀቂያ ደወል መደወሉ ነው።

ኩባንያው ኦገስት 2025 ላይ ዋጋው 30 ሺህ ዶላር ገደማ የሚሆን ኤሌክትሪክ ፒክአፕ በ2027 ከኬንታኪው የሉዊቪል ፋብሪካው እንደሚያወጣ ቃል ገብቷል። የማቨሪክንና የላይትኒንግን ዋጋ አካሄድ ያየ ገዢ ይህን ቃል በጥርጣሬ ቢሰማው አይፈረድበትም።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። የፎርድ አፍቃሪዎችም ስሙን በመጠበቅ ውለታ ሠርተዋል፤ ለዚህ ሊደመጡ ይገባል። ምን ያህል እንደሚሸጥ ለማወቅ ግን መጠየቅ ያለበት በ1964 2,368 ዶላር አጠራቅሞ ሙስታንግ የገዛው ዓይነት ወጣት ነው። ዛሬ ያ ወጣት የፎርድን መሸጫ በመስተዋቱ በኩል አይቶ ያገለገለ ካምሪ ፍለጋ የሚሄድ ከሆነ፣ የአፍቃሪዎቹ ጭብጨባም ሆነ ቁጣ የፋብሪካውን ሠራተኛ ደመወዝ አይከፍልም።