ከጣሪያው የወረደው ውሃ ወዴት ይሄዳል?

ቤት ለመግዛት የሚዘጋጅ ወገናችን ብዙ ነገር ይጠይቃል። ወለዱ ስንት ነው? ትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው ወይ? ወጥ ቤቱ እንጀራ ለመጋገር ይመቻል? ጣሪያው ስንት ዓመቱ ነው ብሎ የሚጠይቅም አይጠፋም። በጣሪያው ጠርዝ ዙሪያ የተዘረጋችውን ቀጭን አሸንዳ ቀና ብሎ የሚያይ ግን ጥቂት ነው። በእኛ ግምት በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል አካባቢ ቤት የገዛ ሰው ምድር ቤቱን የሚያተርፈው ወይም የሚያጣው በአብዛኛው በዚህችው አሸንዳ ምክንያት ነው።

«ለመሆኑ እዚህ ምን ዝናብ አለና ነው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ስታገኝ፣ መንትዮቹ ከተሞች የቀለጠው በረዶ ጭምር ተቆጥሮ የሚያገኙት 800 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የክረምቱን ነጎድጓድና የቆርቆሮውን ጩኸት ሰምቶ ላደገ ሰው የሚኒሶታ ዝናብ ካፊያ ቢመስለው አይፈረድበትም። ልዩነቱ ያለው ከሰማይ በሚወርደው ሳይሆን ከመሬት በታች ባለው ነው። አገር ቤት ብዙው ቤት መሬት ላይ የቆመ ስለሆነ፣ አሸንዳው ቢቀደድ ግድግዳው ይረጥባል፣ ጭቃ ይፈናጠራል፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። እዚህ ግን ውርጩ መሬቱን ዘልቆ ስለሚያቀዘቅዘው፣ የሕንፃ ደንቡ በሄነፒንና በራምሲ ካውንቲዎች የቤት መሠረት ቢያንስ 42 ኢንች እንዲወርድ ያስገድዳል። ያን ያህል ከተቆፈረ አይቀር ጥቂት ጨምሮ ምድር ቤት ማውጣት የተለመደ ሆነ። ስለዚህ ከግድግዳችሁ ሥር የሚንጠባጠበው ውሃ የሚሰርገው ወደ ባዶ አፈር ሳይሆን ወደ መኝታ ቤት ነው።

ምድር ቤቱ ደግሞ በእኛ ዘንድ የዕቃ ማከማቻ ብቻ አይደለም። ከአገር ቤት የመጡ እናትና አባት የሚያርፉበት፣ አዲስ የመጣ ዘመድ ሥራ እስኪይዝ የሚቆይበት፣ ማኅበሩና ልደቱ የሚደገስበት ነው። እርጥበት የገባበት ምድር ቤት መጀመሪያ ይሸታል፤ ቀጥሎ ሻጋታ ያወጣል፤ ሻጋታው አስም ላለበት ሕፃንና ትንፋሽ ለሚያጥራቸው አዛውንት ጠንቅ ነው። ኢንሹራንሱስ? ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። መደበኛው የቤት ኢንሹራንስ በድንገት ለፈነዳ ቧንቧ ይከፍላል እንጂ ከውጭ በአፈር ሰርጎ ለገባ ውሃ አይከፍልም። ከፍሳሽ መስመሩ ወደ ኋላ ተመልሶ ለሚገባው ውሃም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው የተገዛ ተጨማሪ ውል ይጠይቃል። ውላችሁን ከመሳቢያ አውጥታችሁ አንብቡት።

አገር ቤት ከአሸንዳው ጫፍ ሥር በርሜል ይደቀን ነበር። (አሸንዳ ስንል የነሐሴውን የልጃገረዶች በዓል ማለታችን እንዳልሆነ ይታወቅልን።) እስቲ የዚህን አገር ዝናብ በዚያው በርሜል እንስፈረው። 1,200 ካሬ ጫማ በሚሸፍን ጣሪያ ላይ አንድ ኢንች ዝናብ ሲጥል 2,800 ሊትር ያህል ውሃ ይወርዳል። ይህ 200 ሊትር የሚይዘውን በርሜል 14 ጊዜ ይሞላል። አንድ ኢንች ደግሞ የበጋው ነጎድጓድ በአንድ ምሽት ሊጥለው የሚችል ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 23 ቀን 1987 ማታ በጣለው ዝናብ በአውሮፕላን ማረፊያው የተለካው 10 ኢንች ነበር። በእኛ ስሌት ከአንድ መለስተኛ ቤት ጣሪያ ብቻ 140 በርሜል ማለት ነው። አውራ ጎዳናዎች በውሃ ተውጠው መኪና ሲንሳፈፍ የታየው በዚያች ሌሊት ነው።

ስለዚህ አሸንዳን መመርመር የሚጀመረው ከላይ ሳይሆን ከታች ነው። ወደ ግቢያችሁ ውጡና የመውረጃውን ቱቦ ጫፍ ተመልከቱ። ከግድግዳው አንድ ጫማ ርቀት ላይ የሚያልቅ ከሆነ አሥራ አራቱን በርሜል መሠረታችሁ ላይ እየደፋችሁ ነው። ከማንኛውም የሕንፃ ዕቃ መደብር የማስረዘሚያ ቱቦ ገዝታችሁ ውሃውን ቢያንስ 6 ጫማ፣ ቦታ ካለም 10 ጫማ ውሰዱት። በዚህ ጽሑፍ ከምንናገረው ሁሉ ርካሹም ጠቃሚውም ይኸው ነው። ሣር ሲታጨድ ያስቸግራል ተብሎ ተነቅሎ የቀረ ማስረዘሚያ ስንት ምድር ቤት እንዳበላሸ ቤት የሚፈትሹ ባለሙያዎች ያውቁታል። አፈሩም ከቤቱ ወደ ውጭ ማዘንበል አለበት፤ ደንቡ በመጀመሪያዎቹ 10 ጫማዎች ውስጥ 6 ኢንች ዝቅ እንዲል ይጠይቃል። በግድግዳው ዳር አፈሩ ከጊዜ ብዛት እየተረገጠና እየሰመጠ ጎድጓዳ ስለሚሆን፣ ጥቂት ጋሪ አፈር አምጥቶ መሙላት የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው።

ውሃውን ወደ ጎረቤት ግቢ ወይም ወደ እግረኛ መንገድ መልቀቅ ግን አይገባም። በኖቬምበር መንገድ ላይ የፈሰሰ ውሃ ጠዋት መስተዋት ሆኖ ያድራል። በአሮጌ ቤቶች ደግሞ መውረጃው መሬት ውስጥ ወደ ተቀበረ ቧንቧ ሲገባ ካያችሁ ጠይቁ። ቀድሞ የጣሪያው ውሃና የመጸዳጃው ፍሳሽ በአንድ መስመር ይሄዱ ነበር። ሁለቱ ከተሞች ከ1980ዎቹ አጋማሽ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ መስመሮቹን ሲለያዩ ቆይተዋል፤ የጣሪያን ውሃ ወደ መጸዳጃው መስመር መልቀቅ የተከለከለ ነው።

ወደ ምርጫው እንግባ። በመደብር ተቆራርጦ የሚሸጠው የፕላስቲክ አሸንዳ በዋጋው ያማልላል፤ እዚህ ብርድ ውስጥ ግን ይደርቅና በረዶ ሲከብደው ይሰነጠቃል። እኛ ለሚኒሶታ አንመክረውም። የብረቱ ጠንካራ ቢሆንም ቀለሙ ሲላጥ ይዝጋል። መዳቡን ለባለጸጋ እንተውለት። ብዙው ቤት የሚያስገባው መገጣጠሚያ የሌለውን አሉሚኒየም ነው፤ ሠራተኛው የአሉሚኒየሙን ጥቅል በመኪናው ላይ ካለው ማሽን እያወጣ በቤታችሁ ልክ ቅርጹን ያስይዘዋል። የሚያፈስ አሸንዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈሰው ከመገጣጠሚያው ስለሆነ ይህ ዋጋ አለው። ውፍረቱን ጠይቁ፤ ቀጭኑ 0.027 ኢንች፣ ወፍራሙ 0.032 ኢንች ነው፤ ወፍራሙን ያዙ። ስፋቱ 5 ኢንች ለተራ ቤት ይበቃል። ጣሪያው ትልቅና ቀጥ ያለ ከሆነ ግን 6 ኢንቹ ይሻላል። መውረጃው 2 በ3 ኢንች ከሆነ ቅጠል ይዘጋዋል፤ 3 በ4 የሆነው የሚያሳልፈው እጥፍ ነው። ማንጠልጠያዎቹ በብሎን የሚታሰሩና ከ2 ጫማ ያልራቁ፣ በረዶ በሚከማችበት በኩል ደግሞ ከዚያም የተቀራረቡ ይሁኑ። በየ10 ጫማው ሩብ ኢንች ያህል ወደ መውረጃው ማዘንበሉንም አረጋግጡ።

በረዶን ካነሳን፣ የእኛ ቋንቋ ከደመና የሚወርደውን ጠጠርም፣ እንደ ጥጥ የሚበነውንም፣ የረጋውንም «በረዶ» ብሎ በአንድ ቃል ማለፉ እዚህ አገር ያስቸግራል። በጃንዋሪ ከአሸንዳው ላይ እንደ ጦር ተንጠልጥሎ የምታዩት የረጋው በረዶ የአሸንዳው ጥፋት የሚመስለው ብዙ ነው፤ አይደለም። ከኮርኒሱ በላይ ወዳለው ክፍተት ያመለጠ የቤታችሁ ሙቀት በጣሪያው ላይ ያለውን በረዶ ከሥር ያቀልጠዋል፤ ውሃው ቁልቁል ወርዶ ቀዝቃዛው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ይረጋና ግድብ ይሠራል፤ ከግድቡ በስተጀርባ የተጠራቀመው ውሃ በሺንግሉ ሥር ሾልኮ ወደ ኮርኒሱ ይገባል። አሸንዳውን መንቀል ይህን አያድንም። መድኃኒቱ ሙቀት የሚያመልጥባቸውን ቀዳዳዎች መድፈንና ኢንሱሌሽን መጨመር ነው፤ በሚኒሶታ ለጣሪያ የሚመከረው አር 49 የሚባለው መጠን ነው። እስከዚያው ድረስ በረዶ በጣለ ቁጥር መሬት ላይ ቆማችሁ በረጅም እጀታ መጥረጊያ ጠርዙን አራግፉ። መጥረቢያ ይዞ የሚወጣ ሰው ሺንግሉን ይሰብራል፣ ራሱንም ይሰብራል። የምግብ ጨው መበተንም ብረቱን ይበላል፣ በፀደይ አበባችሁን ይገድላል።

ጽዳቱ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። አንዱ የሜፕል ዛፍ ክንፋም ዘሩን ካራገፈ በኋላ በሰኔ፣ ሁለተኛው ቅጠል ከረገፈ በኋላ ነው። ሁለተኛውን ማዘግየት አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የሃሎዊን ዕለት የጀመረው በረዶ በአራት ቀን 28.4 ኢንች ጥሎ ነበር፤ በዚያ ዓመት አሸንዳው ሳይጠረግ የቀደመው ሰው እስከ ፀደይ ድረስ ቅጠሉን ከበረዶ ጋር አዝሎ ከረመ። መሰላል ስትወጡ ሰው ይያዝላችሁ፤ ወደ ቤቱ የሚገባውን የኤሌክትሪክ ሽቦም አስተውሉ። ቤቱ ባለ ሁለት ፎቅ ከሆነ ለሙያተኛ መክፈል ከሆስፒታል ይረክሳል። ጽዳትን ለዘላለም ያስቀራል እየተባለ በብዙ ሺህ ዶላር የሚሸጠውን ክዳን በተመለከተ፣ ቅጠል ይቀንሳል እንጂ ጽዳትን የሚያስቀር ስላልሆነ እኛ ገንዘቡን ኢንሱሌሽኑ ላይ እናውል ባዮች ነን።

በመጨረሻም በር አንኳኩተው ስለሚመጡት። እ.ኤ.አ. ጁን 11 ቀን 2017 እንደጣለው ያለ ጠጠር በረዶ በወረደ ማግሥት ሰፈሩ በሻጮች ይሞላል። «ጣሪያውንም አሸንዳውንም ኢንሹራንስ ይከፍልላችኋል፤ የእናንተን ድርሻ እኔ እችላለሁ» የሚል ተቋራጭ በሚኒሶታ ሕግ የተከለከለ ተስፋ እየሰጠ ነው፤ በትሕትና ሸኙት። ቤታችሁ መጥቶ ያስፈረማችሁን ውል በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ መሰረዝ ትችላላችሁ። ጣሪያ የሚሠራ ተቋራጭ የክፍለ ግዛቱ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ የሠራተኛና ኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤት ደውሎ ማጣራት ይቻላል። አሸንዳ ብቻ የሚሠራ ግን ፈቃዱ ላያስፈልገው ስለሚችል የኢንሹራንስ ወረቀቱን ጠይቁት። ውሉ ላይ የአሉሚኒየሙ ውፍረት፣ የመውረጃው ስፋትና የማስረዘሚያው ርዝመት ተጽፎ ይገኝ። እንግሊዝኛው ለከበዳቸው አባትና እናት ከመፈረማቸው በፊት ልጆቻቸው ያንብቡላቸው። የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት ሠራተኛው የአትክልት ማጠጫ ጎማ ይዞ መሰላሉ ላይ ይውጣና ውሃውን ይልቀቀው፤ እናንተ ከታች ቆማችሁ የት እንደሚደርስ ተመልከቱ።